የዝፍዝፉ ክረምት

ወረታ መገንጠያው ላይ ቁጭ ብዬ ወደ ደብረ ታቦር የሚሄድ መኪና እጠብቅ ነበር። ከባሕር ዳር ከወጣሁ ጀምሮ ወገቤን ይዞኛል፤ እግሬ ጫማዬ ውስጥ አብጧል። ባጃጆቹ ይጮኻሉ፣ የጭነት መኪናው አቧራውን ይዞ ያልፋል፣ ረዳቶቹ "ደብረ ታቦር! ደብረ ታቦር!" ይላሉ እንጂ መኪናው የለም። አጠገቤ የተቀመጠች ሴት እቅፏ ውስጥ የተኛው ልጇ ሲያለቅስባት ከቦርሳዋ አንዲት ትንሽ ብልቃጥ አወጣች። ክዳኑን ስትከፍተው ሽታው መጣ። ጤና አዳም በአረቄ።

መዳፏ ላይ ጠብ አድርጋ የልጁን ሆድ ታሸው ጀመር።

"ሆዱን ቆርጦት ነው" አለችኝ ሳልጠይቃት። "መንገድ አይስማማውም።"

"ይማርልሽ" አልኋት። ሌላ ጊዜ ቢሆን ማን እንዳዘጋጀላት፣ ከየት እንዳመጣችው እጠይቃት ነበር። ደክሞኝ ስለነበር ተውሁት። እትዬ ማንጠግቦሽ እኛ ቤት የከረሙበትን፣ እኔ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ሦስተኛ ልገባ የነበርሁበትን ያን ክረምት ሳሸትተው ቆየሁ።

እትዬ ማንጠግቦሽ የአባቴ ታላቅ እህት ናቸው። ሴት አያቴ የሞቱት አባቴ ገና ዳዴ ሲል ነውና፣ በጀርባቸው አዝለው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ። አግብተው፣ ባላቸው ሞተውባቸው፣ ልጅ ሳይወልዱ ቀርተው፣ ርብ ወንዝ አጠገብ ሜዳው ላይ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። በዚያ ዓመት ሐምሌ ሳይጋመስ ርብ ሞልቶ ሜዳውን ሁሉ ሐይቅ አደረገው። ውኃው የቤታቸውን የጭቃ ግድግዳ ከሥር በላው፤ ቤቱ እንደ ደከመ በሬ ተንበርክኮ ወደቀ። ላማቸውን ከፍታ ላይ ላለ ዘመድ ሰጥተው፣ እሳቸው እስከ አስፋልቱ በታንኳ፣ ከአስፋልቱ እዚሁ ወረታ እስካለው ቤታችን በጋሪ መጡ። ከጋሪው ላይ አንድ ጆንያና አንድ ደምጃን፣ ያ በቃጫ የተሸፈነ ሆዳም ጠርሙስ፣ ወረደ።

እናቴ ጆንያውን ስታይ ፊቷ ፈካ። እህል መስሏት ነበር። አፉን ስትፈታው ደረቅ ቅጠል ነው።

"እትዬ፣ ቤት ሲፈርስ ሰው ቅጠል ያድናል?"

"እህሉንማ ውኃው ቀደመኝ" አሉ፣ የነጠላቸውን ጫፍ እየጨመቁ። "ይሄ ጣራ ሥር ተሰቅሎ ስለነበር አልደረሰበትም። የተረፈኝ እጄና ይሄ ነው፣ ብርቄ።"

ብርቄ እናቴ ናት።  የጆንያውን አፍ መልሳ ቋጠረችው።

ቤታችን በመጋረጃ ለሁለት የተከፈለች አንድ ክፍል ነበረች። አባቴ ሩዝ መፈልፈያ ቤት ኩንታል ይሸከማል። ክረምት ሲሆን ሩዙ ገና ማሳ ላይ ስለሆነ መፈልፈያው ያርፋል፤ አባቴም አብሮ ያርፋል። ማረፍ ስል፣ በሩ አጠገብ ያለው መደብ ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። ሰው ኩንታል ከመሸከም ይልቅ ምንም ባለመሸከም እንደሚደክም ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ትከሻው ሰፊ ስለነበር እንደ ጀግና ነበር የማየው።

እትዬ ማንጠግቦሽ ግን ተቀምጠው አያውቁም። በመጡ በማግስቱ ጣራው ሥር ገመድ ወጠሩ። ጤና አዳሙን፣ ዳማከሴውን፣ ኮሴረቱን በትንሽ በትንሹ እያሰሩ ቁልቁል ሰቀሉት። ጦስኙን ከጉና ተራራ በኩል ከሚወርዱ ነጋዴዎች ገበያ ላይ ይገዛሉ፤ የቀረውን ከጎረቤት አጥር ሥር ይለምናሉ። ክረምት ላይ ቅጠል ማድረቅ መከራ ነው። እርጥበቱ ግድግዳውን አልፎ ይገባል። ምድጃው አጠገብ እንዳይሰቅሉት ጢስ አለ፤ ደጅ እንዳያወጡት ዝናብ አለ፤ ዝናቡ ሲያባራ ደግሞ ፀሐዩ አለ።

"ጢስ የነካው ለጢስ ይሆናል፣ ፀሐይ የነካው ለፀሐይ ይሆናል" ይሉኝ ነበር። "ለሰው የሚሆነው ሁለቱንም ያላየ ነው።"

የእኔ ሥራ መዳሰስ ነበር። ጠዋት ጠዋት በርጩማ ላይ ቆሜ እያንዳንዱን እስር በጣቴ እነካለሁ። ከሽ ካለ ደርቋል። እንደ ጨርቅ ከታጠፈ አልደረቀም፤ ያልደረቀ ቅጠል ደግሞ የገባበትን ጠርሙስ ያበላሻል። የደረቀውን አውርጄ ሰፌድ ላይ ቅጠሉን ከአገዳው እሸመጥጣለሁ። ጣቴ ቢታጠብም ሽታው አይለቅም፤ የጎረስሁት ሁሉ ጤና አዳም ጤና አዳም ይለኝ ነበር።

ሥራቸውን "ዝፍዝፍ" ይሉታል። የደረቀውን ቅጠል አረቄ ውስጥ ዘፍዝፎ ጉልበቱን ማውጣት ነው። ጠርሙሶቹን ከየመጠጥ ቤቱ ለቅመን በአሸዋ አጠብናቸው። እትዬ ቅጠሉን ሳይጠቀጥቁ ይሞሉና ከደምጃኑ ዳግም አረቄ ያፈሱበታል። ዳግም ማለት ሁለት ጊዜ የወጣ፣ ጉሮሮ የሚልጥ አረቄ ነው። ከማፍሰሳቸው በፊት ማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት ያስነኩታል። ድምፅ የሌለው ሰማያዊ ነበልባል ማንኪያው ላይ ይቆማል። "ይሄ ይሆናል" ይላሉ። ከዚያ ቡሹን ይወትፉና የጠርሙሱ አንገት ላይ ክር ያስራሉ፤ ለጤና አዳሙ አረንጓዴ፣ ለጦስኙ ነጭ፣ ለዳማከሴው ጥቁር። ለመለያ ነበር። እኔ ግን ክሩ ማተብ መሰለኝ። ጠርሙሶቹ ክርስትና የተነሱ መሰለኝና፣ አልጋ ሥር ሳስገባቸው ሕፃን እንደማስተኛ ነበር።

ዝፍዝፍ ጨለማ ይወዳል። ከመጋረጃው ጀርባ አልጋ ሥር ተደርድሮ ይከርማል፤ እኔ በየቀኑ እያወጣሁ እወዘውዘዋለሁ። እንደ ውኃ ጠርቶ የገባው አረቄ ቀስ በቀስ መልኩ ይለወጣል። የጤና አዳሙ እንደ ሣር፣ የጦስኙ እንደ ሻይ ይሆናል።

"ቅጠሉ ደሙን እየሰጠ ነው" ይሉኛል እትዬ። እኔ ደግሞ ያመው ይሆን እያልሁ አስባለሁ።

ሲደርስ በአሮጌ ነጠላ ያጠሉታል። ጉንፋን የያዘው፣ ሆዱን የነፋው፣ ጉልበቱን የሚቆረጥመው ሁሉ ይመጣ ነበር። አንዱ ቡና፣ ሌላው ጥቂት ሽሮ ይዞ ይመጣል። እትዬ ለማንም የሚሰጡት በጠብታ ነው፤ ጣሳ ውኃ ላይ ጠብ፣ ጠብ።

"ከማንኪያ ያለፈ መድኃኒት መጠጥ ነው" ይሉ ነበር።

አባቴ መጠጥ የተወ ሰው ነበር። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት እትዬ ራሳቸው ከሜዳው ድረስ መጥተው፣ እጁን ይዘው ንስሐ አባታችን ፊት አቁመው አስምለውታል። ይህን የማውቀው ከትልልቆቹ ወሬ ነው። ለእኔ አረቄ መጠጥ ነው፣ የእትዬ ዝፍዝፍ ደግሞ መድኃኒት ነው፤ ሁለቱን የሚያገናኛቸው ነገር አልታየኝም። ለእትዬም የታያቸው አይመስለኝም። መሐላ መሐላ ነው ብለው ያመኑ ሰው ነበሩ።

እናቴ ግን ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ዕረፍት አልነበራትም።

"እትዬ፣ ይሄን ጠርሙስ ጎረቤት ብናስቀምጠውስ?" አለቻቸው አንድ ቀን፣ ወለሉን እየጠረገች።

"ምነው?"

"ሽታው... ልጅቷን ራሷን ያማታል።"

"ኧረ እኔን አያመኝም!" አልሁ።

እናቴ ቀና ብላ አየችኝ። ያን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። እትዬ የያዙትን ሰፌድ አስቀምጠው "ጠበብሁባችሁ መሰለኝ፣ ልጄ" አሏት። እናቴ ጎንበስ ብላ መጥረጓን ቀጠለች። እኔም እናቴ እትዬን አትወዳቸውም ብዬ ደመደምሁ።

አንድ ጠዋት እትዬ ኪዳን ሊያደርሱ ቤተ ክርስቲያን ሄደው፣ እናቴ ውኃ ልትቀዳ ወጥታ ነበር። ቅጠሉን ልዳስስ ስገባ አባቴ ከመጋረጃው ጀርባ ተንበርክኳል። ጸሎት የሚያደርግ መሰለኝ። ጠጋ ስል አረንጓዴ ክር ያለውን ጠርሙስ አፉ ላይ ደቅኖ ጉሮሮው ከፍ ዝቅ ይላል። ጨርሶ በጣሳ ከእንስራው ውኃ ቀዳና የጎደለውን ሞላው። አልገረመኝም። እትዬም መድኃኒቱን የሚሰጡት በውኃ በጥብጠው ነው፤ እሱ ውኃውን ጠርሙሱ ውስጥ ጨመረው እንጂ።

"አባባ፣ ታመሃል?"

ደንግጦ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ "አዎ" አለኝ።

"ምንህን?"

እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "እዚህ ጋ።"

"ለእትዬ ልንገርልህ?"

"አይ፣ ስመኝ ልጄ፣ አይሆንም። ቤታቸው ፈርሶባቸው ተቀምጠው የእኔን ሕመም ቢሰሙ ምን ይሆናሉ? ዝም በይ፣ እሺ?"

"እሺ" አልሁት። የሰው ሁሉ መድኃኒት ያለባት ቤት ውስጥ አባቴ ተደብቆ ሲታመም አሳዘነኝ። ዛሬ ሳስበው ስለ ሕመሙ የዋሸኝ አይመስለኝም።

ከዚያ ወዲያ ብዙ ጊዜ አየሁት፤ አንዳንዴም ከደምጃኑ ሲቀዳ። መድኃኒቱን በወሰደ ቀን ይጫወታል፣ ያቅፈኛል፣ ተረት ያወራልኛል። ባልወሰደ ቀን መደቡ ላይ ይቀመጣል። እየሠራለት ነው እል ነበር።

ነሐሴ ሲገባ ነገር ተበላሸ። በአጥር የምንዋሰናት አንዲት ጎረቤታችን ለጉልበቷ የወሰደችውን ይዛ ተመለሰች። "እትዬ፣ ይቺስ ምንም አላለችኝ" አለች እያፈረች። ሌላውም መጣ። እትዬ አልጋ ሥር ያሉትን ጠርሙሶች አውጥተው ቡሻቸውን ነቀሉ። ላያቸው ላይ ነጭ ነገር ሠርቷል። ሽታው የቅጠል አይደለም፤ ቆሞ የከረመ ውኃ ነው የሚሸተው። ማንኪያ ላይ ጠብ አድርገው ክብሪት አስነኩት። ክብሪቱ ጭስ ብሎ ጠፋ። ሌላ ክብሪት። ያም ጠፋ። ደምጃኑን ሞከሩ፤ እሱም አልነድ አለ።

አባቴ መደቡ ላይ ተቀምጦ ዝናቡን ያያል። እናቴ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር፤ ቢላዋው ቆመ።

"ዘነቡ ውኃ ሸጣልኛለች" አሉ እትዬ። "የኋለኛውን አምኜያት ሳልሞክር ነው የዘፈዘፍሁት።"

ወይዘሮ ዘነቡ አረቄ አውጥታ ገበያ ላይ የምትሸጥ፣ የእትዬን ደምጃን የምትሞላ የቆየች ደንበኛቸው ናት። በገበያው ቀን ይዘውኝ ሄዱ። ዝናቡ ያካፋል፤ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ወይዘሮ ዘነቡ ላስቲክ ወጥራ ሥሩ ተቀምጣለች።

"ዘነቡ፣ ለታመመ ሰው የሚሆነውን ነገር ውኃ ጨመርሽበት?" አሏት፣ ሰላምታ እንኳ ሳያቀርቡ።

"እኔ? እትዬ ማንጠግቦሽ፣ እኔን ነው?"

"አንቺን ነው! የሸጥሽልኝ አይነድም!"

ሰው ተሰበሰበ። ወይዘሮ ዘነቡ ተነሣች። ከጀሪካኗ ማንኪያ ላይ ጠብ አደረገችና ክብሪት ጫረች። ያ ሰማያዊ ነበልባል በዚያ ካፊያ ውስጥ ቆመ። ማንኪያውን ለሰዉ ሁሉ እያዞረች አሳየች።

"እናንተ ፍረዱ" አለች። "ልጆቼን የማሳድገው በዚህ ነው። በሚካኤል፣ ለእሳቸው የሰጠሁት ከዚሁ ነው።"

አንድ ሰው ሳቀ። እትዬ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ሳብ አድርገው ተመለሱ። መንገድ ላይ ብዙ ሄደን ሳለ ቆሙና መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት።

"እጄ ነው" አሉ። "ይሄን እጅ ከእናቴ ነበር የወረስሁት። እግዜር ነሣኝ። ቤቴን ወሰደ፣ አሁን ደግሞ እጄን።"

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሥራ ተዉ። ገመዱ ላይ የተሰቀለውን ማንም አላወረደውም። እትዬ መደቡ ላይ ከአባቴ አጠገብ ተቀመጡ፤ ወንድምና እህት ጎን ለጎን ሆነው ዝናቡን ያዩ ጀመር። ለመድኃኒት የሚመጣውን ሰው "የለኝም፣ ልጄ" ብለው ይመልሱታል። እንዲያ ሲሉ አባቴ ወደ መሬት ያያል። ቤቱ ውስጥ ሰው እያለ ቤቱ ባዶ ነበር። እናቴ ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ትመላለሳለች፤ ስትሠራ ዕቃው ይጋጫል።

አንድ ከሰዓት በኋላ እናቴና አባቴ ከቤቱ ጀርባ ሲነጋገሩ ሰማኋቸው።

"ንገራቸው" አለች እናቴ።

"ምኑን?"

"ፈንታ፣ ሴትዮዋ በቁማቸው እየሞቱ ነው። ንገራቸው።"

"አንቺ ከነገርሻቸው እታነቃለሁ" አላት አባቴ፣ እንደ ልጅ እያለቀሰ።

በሽታው የሚገድል ነው ማለት ነው ብዬ ተረዳሁ። አባቴ ሊሞት ነው፤ እትዬም እጃቸው ተወስዷል፤ እንግዲህ የቀረችው እመቤታችን ናት። ጊዜው ደግሞ ፍልሰታ ነበር። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ ይጾማል፣ ያስቀድሳል፣ ይቆርባል። ሌሎቹ ከቅዳሴ ሲወጡ በልተው ይጫወታሉ። እኔ አባቴን ካዳንሽልኝ እስከ ማታ ውኃም አልቀምስ ብዬ ተሳልሁ።

እትዬም በየቀኑ ያስቀድሱ ነበር። እጃቸው እንዲመለስላቸው ይለምናሉ፤ እኔ አባቴ እንዲድን እለምናለሁ። አንዳችን የሌላችንን ሳናውቅ በአንድ ምሰሶ ሥር ቆመን ሳምንት አለፈ። ሳምንቱ ካለፈ በኋላ አንድ ቀን ከቅዳሴ ስንወጣ መሬቱ ዞረብኝ። ስነቃ እትዬ ጭን ላይ ነኝ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ፣ ወይራ ሥር። ፊቴን በጠበል ያብሱኛል።

"አንቺ ልጅ፣ ትናንት ማታም በቅጡ አልበላሽም። ማን ነው እንዲህ አድርገሽ ጹሚ ያለሽ?"

"ስለት ነው።"

"የምን ስለት? በዚህ ዕድሜሽ ምን ጎደለሽ?"

አባቴ ዝም በይ ብሎኛል። ግን ያለሁት ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ነው፤ ደግሞ ተርቤአለሁ። ለማርያም የነገርሁትን ለእትዬ ብነግር ምን አለበት አልሁ።

"አባባ እንዳይሞት ነው።"

"ምን ሆኖ?"

"ታሞ። እትዬ፣ እንዳይጨነቁ ብሎ ነው የደበቀዎት። የእርስዎን መድኃኒት በየቀኑ ይጠጣል። ግን አልዳነም። የሚጨምረው ውኃ በዝቶበት ይሆን?"

የሚያብሱኝ እጅ ቆመ። ቀና ብዬ አየኋቸው። የሚያለቅሱ መሰለኝ፤ አላለቀሱም። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት፤ ያን ቀን ከገበያ ስንመለስ እንዳዩት። ከዚያ ድምፃቸው እንደ ሩቅ ሰው ሆኖ፣ "ልክ ነሽ። ውኃው በዝቶ ነው" አሉኝ።

ቀጥታ ወደ ቤት የምንሄድ መስሎኝ ነበር። እትዬ ግን መንገዱ ዳር ጎንበስ ብለው አንድ ድንጋይ መረጡና ትከሻቸው ላይ አደረጉት። የሄድነው ወይዘሮ ዘነቡ ቤት ነው። እኔ ዣንጥላውን ይዤ ከኋላ ከኋላ እከተላለሁ፤ ቁመቴ ስላልደረሰ ዝናቡ እሳቸውን ይመታቸዋል። ሴትዮዋ በሯን ከፍታ ስታያቸው ጮኸች።

"ኧረ በማርያም! እትዬ፣ ያውርዱት! ምን ሆነው ነው?"

"አዋርጄሻለሁ" አሉ እትዬ፣ ድንጋዩን እንደ ተሸከሙ። "በሰው ፊት ነው ያዋረድሁሽ፤ በሰው ፊትም እክስሻለሁ። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።"

"የማን ነው ታዲያ?"

"የቤቴ ነው" አሉ። ከዚያ በላይ አንዲት ቃል አልጨመሩም። ወይዘሮ ዘነቡ ድንጋዩን ራሷ አንሥታ ጣለችውና ትከሻቸውን እየሳመች አስገባቻቸው። ለእኔ ቆሎ አቀረበችልኝ። ስለቴን አስታውሼ አልበላሁም።

ቤት ስንደርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። እትዬ ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ አውጥተው ደጅ ደረደሯቸው። ደምጃኑንም አወጡት።

"ፈንታ፣ ና" አሉ።

አባቴ ከመደቡ ተነሣ። ጠርሙሶቹን ሲያይ፣ እትዬን ሲያይ፣ እኔን ሲያይ ሁሉም ገባው። እናቴ በሩን ተደግፋ ቆማለች።

"አፍስሰው" አሉት።

"እትዬ..."

"እኔ አልችልም፤ የለፋሁበት ነው። አንተ አፍስስልኝ።"

ቡሹን እየነቀለ ያፈስ ጀመር። ውኃ የገባበትም፣ ያልገባበትም፣ ሁሉም ጭቃው ላይ ሄደ። ቅጠሉ ተጣብቆ አልወጣ ሲል ጠርሙሱን ያራግፈዋል። ሽታው ሰፈሩን ሞላው፤ ዶሮዎቹ እንኳ ሸሹ። መጨረሻ ላይ ነጭ ክር ያላት አንዲት ጠርሙስ ቀረች። ከኋላ ስለነበረች ያልነካት፣ እንደ ሻይ ጠርታ የደረሰች ነበረች። ቡሿን ነቅሎ ያዛት፤ አላፈሰሳትም።

"እትዬ፣ ይቺ እንኳ ለሰው ትሆን ነበር" አለ።

"አውቃለሁ። አፍስሳት።"

እጁ እምቢ አለው። እናቴ ሄዳ ልትቀበለው ስትል እትዬ በዓይናቸው ከለከሏት። ሁላችንም ቆመን ጠበቅን። ከዚያ ጠርሙሷን ዘቀዘቃትና እሱም ከእሷ ጋር ጭቃው ላይ ተቀመጠ።

"እጄ የተረገመ መስሎኝ ነበርኮ፣ ፈንታ" አሉት። "አንተን ያሳደገ እጅ። ዘነቡን በአደባባይ ሌባ አድርጌያት፣ አንተ እያየህ ዝም አልኸኝ።"

"ምን ብዬ ልንገርዎት? ምዬልዎት ነበር።"

"ይኸው አሁን ነገርኸኝ" አሉና አጠገቡ ጭቃው ላይ ተቀመጡ። እትዬ ነጠላቸው ሲቆሽሽ አይወዱም ነበር።

ቀጥለው ያሉት ቀናት መጥፎ ነበሩ። አባቴ ላብ በላብ ይሆናል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ያስመልሰዋል። እናቴ ለጎረቤት "ወባ ነው" ትላለች። እኔም አመንሁ፤ ክረምት ሲወጣ ወረታ ላይ ማን በወባ አይተኛም? እትዬና እናቴ ተራ በተራ ያብሱታል። እናቴ እትዬን ስትጠራቸው ድምጿ ተለውጦ ነበር። አንድ ጊዜ የእትዬን እግር ስታጥብ አየኋት። ሰው በእንዲህ ያለ ነገር በአንድ ክረምት እንደማይድን በኋላ አውቄአለሁ። አባቴ ከዚያም ወዲያ ወድቋል፣ ተነሥቷል። በዚያ ዓመት ግን ቆሞ ነበር።

መስቀል ካለፈ በኋላ ውኃው ከሜዳው ሸሸ። እትዬ ወደ ቤታቸው ልመለስ አሉ። ቤት የሚባል ነገር አልነበረም፤ ምሰሶው ብቻ ቆሞ ቀርቷል። አባቴ "እኔ እሠራልዎታለሁ" ብሎ አብሯቸው ሄደ። መፈልፈያው ሥራ እስኪጀምር ገና ወራት ነበሩ።

በጥቅምት እናቴና እኔ ስንቅ ይዘን ልናያቸው ሄድን። መሬቱ ላዩ ደርቆ መሰነጣጠቅ ጀምሯል፤ ሥሩ ገና ጭቃ ነው። ሩዙ ዘለላውን አቀርቅሯል። የእትዬ ላም ተመልሳላቸው ደጁ ላይ ታስራ ቆማለች። የግድግዳው እንጨት ተማግሯል፤ ግማሹ ተመርጎ ግማሹ ባዶ ነው። አባቴ ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ ጭድ የተነሰነሰበት ጭቃ ውስጥ ይረግጣል። ከስቷል። እኛን ሲያይ ሳቀ፤ ግን ለመውጣት አቅም ያጣ ይመስል ነበር።

እትዬ ውኃ በቅል አመጡለት። ሲቀበላቸው እጁ ተንቀጥቅጦ ግማሹ ፈሰሰ። ቅሉን በሁለት እጁ ይዞ ጠጣና መለሰላቸው።

"እትዬ" አለ ቀስ ብሎ፣ "ለዚህ እጄ የሚሆን ነገር አያውቁም?"

እትዬ ቅሉን አራገፉት። ወደ አጥሩ ሥር፣ አዲስ ወደ ተከሉት ጤና አዳም አዩ።

"አላውቅም፣ ወንድሜ" አሉት። "ባውቅ ከማንም በፊት ላንተ ነበር። ጭቃው ሳይደርቅ ርገጥ።"

አባቴ ወደ ጭቃው ተመለሰ። እኔም ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ጭቃው ከላይ ሞቅ ያለ፣ ከሥር ቀዝቃዛ ነበር፤ ጭዱ በጣቶቼ መካከል ይወጣል። ጎን ለጎን ሆነን መርገጥ ጀመርን። ጥቂት እንደረገጥን አባቴ ቆመና እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ከባድ ነበር። ሲንቀጠቀጥ እኔንም ያንቀጠቅጠኛል። ጭቃው ያንሸራትታልና እንዳልወድቅ የያዘኝ መሰለኝ።

"አይዞህ አባባ፣ አልወድቅም" አልሁት።

"እሺ" አለኝ። እጁን ግን አላነሣም።